የአሥራ ሁለት ኪኒን ዘበኛ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የአገሬ ሰው። እኔ ግን ዘንድሮ ጎረቤቴን ጠርጥሬ፣ ሚስቴን ጠርጥሬ፣ ምእመኑን ሁሉ ጠርጥሬ፣ በመጨረሻ የተመነጠርኩት እኔው ነኝ። ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ለሰው እንዳታወሩብኝ ልላችሁ አስቤ ነበር፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ከዘመሮ ከተማ ወዲህ ያልሰማ የለም።

እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ። ከዘመሮ በእግር ሁለት ሰዓት በምታስኬድ ቀበሌ አስተምራለሁ፤ ጥቂት በጎችና እፍኝ የምታህል የገብስ ማሳ አለችኝ። መከራዬም የጀመረው ከበግ ነው። አንድ ግትር ሙክት አጥር አልሻገርም ቢለኝ «እኔው ላሻግርህ» ብዬ ብድግ ሳደርገው ብሽሽቴ ላይ አንድ ነገር ተዘረገፈ። ሙክቱ ተሻገረ፤ እኔ እዚያው ቀረሁ። ቡአ ነው ተባለ። ከተማ ወስደው ቀደው ሰፉኝ፤ ሐኪሙም ለጊዜው ከባድ ነገር እንዳታነሣ አለኝ። ሙክቱን ለገና አረድነው።

ከሆስፒታል ስወጣ የፋርማሲው ልጅ ሃያ ኪኒን በትንሽ ላስቲክ ቋጥሮ ሰጠኝ። ነጭ፣ ክብ፣ ምስኪን መሳይ ኪኒን ናት። ልጁ ግን ከሰጠኝ በኋላ እጁን ከላስቲኩ ላይ ቶሎ አላነሣም። ይህቺ እንደ ራስ ምታት ኪኒን እንዳልሆነች፣ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ እንደሆነች፣ ሕመሙ ሲተወኝ እኔም ልተዋት እንደሚገባኝ አስረዳኝ። አንዲት እንኳ ለሌላ ሰው እንዳልሰጥ አስጠነቀቀኝ።

«በተለይ አስም ላለበት ሰው፣ በተለይ ደግሞ ከመጠጥ ጋር፣» አለኝ፣ «እንደተኛ እስትንፋሱ ሊቆም ይችላል። የተረፈውን ለጤና ባለሙያ ይመልሱ። መመለስ ካልቻሉ ማንም ከማይፈልገው ቆሻሻ ጋር ለውሰው ይጣሉት።»

ልጁ የመንዝ ሰው አለመሆኑን ያወቅሁት በዚህች በመጨረሻዋ ቃል ነው።

ማንም የማይፈልገው ቆሻሻ መንዝ ውስጥ የት አለ? እበት እንዳትሉኝ። እበት ኩበት ነው፤ ኩበት ደግሞ እንጨት በጠፋበት ደጋ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል። ኪኒኑን እበት ውስጥ ብለውሰው አስካለ፣ ባለቤቴ ማለት ናት፣ ጠፍጥፋ ታደርቀዋለች፤ ሲነድድ ጭሱ ቤተሰቡን በሙሉ አስተኝቶ ከብቱን የሚያወጣ ይጠፋል። አመድ እንዳትሉኝ፤ አመድ የጎመን መደብ ላይ ይበተናል። አተላ የላሟ ነው። የድንች ልጣጭ የበጎቹ ነው። ያለቀ ጫማ እንኳ ተቆርጦ የበር ማጠፊያ ይሆናል። እኛ አገር ተጥሎ የሚያድር ነገር የለም፤ ብትጥሉትም የሚያነሣው ሰው «ይኼን የመሰለ ነገር ማን ጣለው?» እያለ ቤታችሁ ድረስ ያመጣላችኋል።

ሽንት ቤቱስ? ትሉኝ ይሆናል። ሄጄ ነበር። ላስቲኩን ይዤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆምኩ፤ ብዙ ቆምኩ፤ ከእነኪኒኔ ተመለስኩ። ለምን ብትሉኝ ያን ጊዜ ምንጩ ይበከላል ብዬ እመልስላችሁ ነበር። ምንጩ ከእኛ ቤት በላይ በኩል ነው፤ ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይሄድም። የሂሳብ መምህር ነኝ አልኳችሁ እንጂ የሳይንስ ነኝ አላልኳችሁም።

ሕመሙ በስምንተኛው ኪኒን ላይ ተወኝ። አሥራ ሁለት ተረፈ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ኪኒኗ ደግ ናት። ዋጥ አድርጋችሁ ጥቂት ብትቆዩ ሰውነታችሁ ከዳር እስከ ዳር ሞቅ ይላል፤ የርእሰ መምህሩ ቁጣ ይረሳል፤ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ክምር ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። ስለዚህ ሕመሙ ከተወኝ በኋላም ክፉ ቀን ሲመጣ አንድ ሁለት መቅመሴን አልክድም። አንድ ሁለት ነው ታዲያ።

ለጤና ባለሙያ ልመልሰው ብል ደግሞ ያለችን የጤና ኬላዋ ዘነበች ናት። ኬላዋ ከሰፈራችን የግማሽ ሰዓት ዳገት ነው። ዘነበችን አንደኛ ክፍል ቁጥር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሄጄ ኪኒኑን ባስቀምጥላት «መምህር፣ ስንት ወስደው ስንት ተረፈ?» ማለቷ አይቀርም። ተማሪ መምህሩን መደመርና መቀነስ ሲጠይቅ የት አገር ታይቷል? ነገ ዛሬ እያልኩ ሳምንቱ አለፈ፤ ወሩም ተከተለው።

አሁን ወደ ጋሽ ደስታ ልምጣ። ጋሽ ደስታ አጥር የሚጋሩኝ ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው። አስም አለባቸው፤ ሲተነፍሱ ደረታቸው ውስጥ አንድ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። አረቄም ይወዳሉ፤ ለሳሌ ነው ይላሉ። አያችሁ እንግዲህ፣ የፋርማሲው ልጅ «በተለይ» እያለ የዘረዘረው ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ተሰብስቦ ከጎኔ ይኖራል።

ሰውዬው ታምሜ ከተኛሁ ጀምሮ ሊጠይቁኝ ይመጡ ነበር። ደግ ነው፤ የታመመ መጠየቅ ያለ ነው። ግን ድኜም መምጣታቸውን አልተዉም። ትምህርት ቤት ውዬ ስገባ እሳቸው ከመደቡ ላይ ናቸው። ይቀመጣሉ፤ ዙሪያውን ያያሉ፤ ጎታውን ያያሉ፤ የመጻሕፍቴን ሳጥን ያያሉ። ከዚያ እንደ ዋዛ አድርገው ያቺ ነጭ ኪኒን አለቀች ወይ ይሉኛል። አለቀች እላለሁ። መቼ አለቀች ይሉኛል። ቆየች እላለሁ። እህ ይላሉ። ይህን ጥያቄ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ወገባቸውንም እንደሚያማቸው አውቃለሁ። ሰውዬው ኪኒኔን እያሸተቱ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በደረቴ ውስጥ ሁለት ፍርሃት ገባ። አንደኛው እውነተኛ ነው፤ እኚህ ሽማግሌ አንዲቷን አግኝተው በአረቄ ቢያወራርዷት ጧት አይነቁም፣ ደማቸውም በእኔ ነው። ሁለተኛውን ያኔ አልነግራችሁም ነበር፤ ኪኒኑ ያንሰኛል ብዬ ነው። ብቻ በዚያን ዕለት ዘብ ቆምኩ።

ኪኒኑን መጀመሪያ የፈተና ወረቀት መሐል ደበቅሁት፤ አስካለ ሳጥኑን ልታራግፍ ተነሣች። ጎታ ውስጥ ቀበርኩት፤ አስካለ ገብስ ልትቀዳ ወደዚያው ሄደች። የዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ከተትኩት፤ ጋሽ ደስታ ገብተው «እስቲ ዳዊቱን ልሳለመው» አሉ። በሃያ ዓመት ጉርብትና ዳዊቴን ተሳልመው አያውቁም። ከዚህ ወዲያ ጥርጣሬዬ ወደ ሚስቴም ተሻገረ፤ ሁለቱ ሲንሾካሾኩ አጥሩ ሥር ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ ስደርስ ስለ ጎመን ያወራሉ። ስለ ጎመን የሚንሾካሾክ ሰው አይቼ አላውቅም።

መጨረሻ ላይ አንድ ብልሃት መጣልኝ። የምለብሰው ባና አለኝ፤ ከበጎቼ ጠጉር ተፈትሎ የተሠራ፣ ከብዶ የሚሞቅ ጥቁር ባና። ከአስካለ መርፌና ክር ሰረቅሁና የባናውን ጠርዝ አጥፌ ኪኒኑን ውስጡ ሰፋሁበት። በሕይወቴ ቁልፍ እንኳ ሰፍቼ ስለማላውቅ ጥቁሩን ባና በነጭ ክር ነው የሰፋሁት። ማን ያየዋል ብዬ ነው። ቀን ትምህርት ቤት ስሄድ ባናው አልጋ ላይ ነው፤ ስመለስ መጀመሪያ ጠርዙን በጣቴ እዳብሳለሁ። አሉ። ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን አስካለ ባናውን ልጠበው አለችኝ። ባና መታጠብ ከመቼ ጀመረ? እምቢ አልኩ። ላስጣው አለች፤ እምቢ አልኩ። ታዲያ ላራግፈው አለች፤ እኔ አራግፈዋለሁ አልኩና በቀስታ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ ወዝወዝ አድርጌ መለስኩት። አስካለ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና ምንም ሳትል ወጣች። ሚስት ምንም ሳትል ከወጣች አንድ ነገር ወስናለች ማለት ነው፤ ባለትዳሮች ታውቁታላችሁ።

የካቲት ኪዳነ ምሕረት የደብራችን ንግሥ ነው። ታቦቷ ገብታ ሕዝቡ ዐጸዱ ውስጥ ሲቀመጥ ምእመኑ በስለት ያገባው ዕቃ ለጨረታ ይወጣል፤ በረከት ስለሆነ አሮጌ ዣንጥላ እንኳ እንደ አዲስ ይሻሙበታል። ዘንድሮ የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚጋገርበት የቤተልሔሙ ክዳን ማፍሰስ ጀምሯል። ተዘግቶ የቆየው የጓሳ ሳር መሬትም ለአጨዳ ሊከፈት ቀን ተቆርጧል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ጨረታው በብር ሳይሆን በሳር ይሁን ብሎ ወሰነ፤ ያሸነፈ ሰው የጠራውን ያህል ሸክም የጓሳ ሳር አጭዶ ለክዳኑ ያመጣል።

አጫራቹ መምሬ ጥላሁን ናቸው። ድምፃቸው ያለ ድምፅ ማጉያ ሁለት ሸለቆ ያሻግራል። ዣንጥላ ሸጡ፤ ጠቦት ሸጡ፤ አንድ ሙዳይ ሸጡ። ከዚያ አንድ ጥቁር ነገር ከፍ አደረጉ። በነጭ ክር የተሰፋው ጠርዙ ከተቀመጥኩበት ድረስ ታየኝ።

ወደ አስካለ ዞርኩ። ዓይኗን ከመምሬ ጥላሁን ላይ ሳታነሣ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ቆዳዬ ሲቀደድ ኪዳነ ምሕረት ከማረችልኝ የተኛበትን ባና አገባለሁ ብላ ተስላ ኖሯል። አሁን ማረችላት፤ አገባች። ለታቦት የተሰጠ ነገር ደግሞ አይመለስም፤ ይህን ለእኔ መንገር አያስፈልግም። ሰጥቶ መልሱልኝ ያለ ሰው ታሪኩ ለሰባት ትውልድ ይወራል።

የቀረኝ መንገድ ገዝቼ ማስመለስ ብቻ ነው።

አንዲት ሴት ሁለት ሸክም አለች። እኔ አምስት አልኩ። ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ አየኝ፤ መምህሩ ለገዛ አሮጌ ባናው አምስት ሸክም? ወዲያው ሹክሹክታው እንደ ንብ ተነሣ። ከኋላዬ አንዱ ውስጡ አንድ ነገር ሳይኖር አይቀርም አለ፤ ሌላው የአባቱ ወርቅ ነው አለ። አባቴ ወርቅ በሥዕል እንኳ አላዩም። ይሄኔ ከዐጸዱ ጥድ ሥር የደረት በር የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ትንፋሽ ተሰማ፤ ጋሽ ደስታ «አሥር» አሉ።

ያወቁት ነገር አለ! አሥራ አምስት አልኩ። ሃያ አሉ። ሠላሳ ስል አስካለ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሠላሳ አምስት አሉ። አርባ አልኩ። አርባ ስል የተሰፋው ብሽሽቴ ራሱ ተቃውሞ አሰማ፤ አንድ ሸክም ሳር እንኳ ዳገትና ቁልቁለት ተሸክሜ ባመጣ ሐኪሙ ጋ ተመልሼ እሄዳለሁ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነበር። ጋሽ ደስታ ግን ሳሉን ጨርሰው አፋቸውን ጠርገው «አርባ አንድ» አሉ።

ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ባናው ውስጥ መርዝ አለ ልበል? ታቦት ፊት መርዝ አገባ ይሉኛል። ብርቱ የሕመም ኪኒን አለ ልበል? ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሕዝብ ዕድሜ ልኩን ሲያርስና ሲሸከም የኖረ ነው፤ ጉልበቱን የማያመው አንድ ሰው የለም፤ ጨረታው መቶ ሸክም ይገባል። አፌን መልሼ ዘጋሁ። መምሬ ጥላሁን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ብለው ባናውን በጋሽ ደስታ ትከሻ ላይ አለበሱት። ሕዝቡ እልል አለ፤ እኔ ላብ አጠመቀኝ።

ጸበል ጸዲቁን ሳልቀምስ ተነሥቼ ከኋላቸው ሄድኩ። ቤታቸው ስደርስ ባናዬን እንደለበሱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ በእጃቸው የአረቄ መለኪያ ይዘዋል። ያን ሳይ ሌላው ሐሳብ ሁሉ ጠፋብኝ። እውነት ፈራሁ። ኪኒኑ ያንሰኛል የሚለው ፍርሃቴ እንኳ ለአፍታ ትቶኝ ሄደ።

«ጋሽ ደስታ፣ ያን መለኪያ ያስቀምጡት፣» አልኳቸው። «ባናው ጠርዝ ውስጥ ኪኒን አለ። ለእርስዎ ደረት አይሆንም። ከአረቄ ጋር ከሆነ ይገድልዎታል።»

እሳቸው ምንም አልደነገጡም። መለኪያውን መሬት ላይ አስቀምጠው ባናውን ከትከሻቸው አውልቀው እጄ ላይ አደረጉልኝና ምላጭ አቀበሉኝ። ምላጩ አጠገባቸው ተዘጋጅቶ ነበር። ይህም አጠራጠረኝ።

ክሩን በምላጭ በጠስኩት። ላስቲኩን አወጣሁ። ቆጠርኩ፤ አምስት። ድጋሚ ቆጠርኩ፤ አምስት። አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት፤ ቢበዛ አንድ ሁለት ቀምሻለሁ፤ አሥር መሆን ነበረበት። ቀና ብዬ የጋሽ ደስታን ፊት አየሁት። ዓይናቸው እንደ ሁልጊዜው ፈዘዝ ያለ ነው፤ ትንፋሻቸውም እንደ ሁልጊዜው ያፏጫል፤ ለእኔ ግን ሁሉም የሞት ምልክት ሆኖ ታየኝ። ስንት ዋጡ ብዬ ጮህኩ። ምንም አልዋጥኩም አሉኝ። የዋጠ ሰው እንዲህ ነው የሚለው። እጃቸውን ይዤ ወደ ጤና ኬላው በዳገቱ አወጣኋቸው።

ግማሽ ሰዓት የሚያስኬደውን ዳገት በምን ያህል ጊዜ እንደወጣነው አላውቅም። እሳቸው ቆም እንበል ይላሉ፤ እኔ ከቆሙ ይተኛሉ፣ ከተኙ ያበቃል እላለሁ። የአስም በሽተኛ ሽማግሌን በሩጫ ሽቅብ ጎትቼ! በዚያን ዕለት ጋሽ ደስታን ለመግደል የተቃረበ ነገር ቢኖር እኔ ነበርኩ። መሐል መንገድ ላይ ስዞር አስካለ የንግሥ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ከታች ትከተለናለች፤ ሳትሮጥ።

ዘነበች በበዓል ቀንም ኬላዋን አትዘጋም። መዝገቧን ገልጣ የጋሽ ደስታን ስም ጻፈች። ትንፋሻቸውን በሰዓቷ ቆጠረች፤ የዓይናቸውን ብሌን በባትሪ አየች፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልዎታል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው፤ አይ፣ ዳገቱ ነው አሏት። ጥቂት አሳርፋ ደግማ ለካቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«መምህር፣ ጋሽ ደስታ ምንም አልወሰዱም፣» አለች።

ታዲያ የጎደለው የት ገባ አልኳት። ኪኒኑ የት እንደነበረ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ማን ሰፋው አለች፤ እኔ አልኩ። ዛሬ ሲፈቱት ክሩ ተበጥሶ፣ ወይ በሌላ ሰው እጅ ተሰፍቶ ነበር ወይ አለች። አልነበረም፤ ነጩ ክር፣ ያ ጠማማ ስፌቴ፣ እኔ እንደተውኩት ነበር። ይህን እየነገርኳት ድምፄ ቀስ በቀስ ሲያንስ ለራሴም ተሰማኝ። አንደኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ከአሥራ ሁለት ላይ አምስት ስትቀንስ ጣቷን እንኳ አላነሣችም።

አስካለ በሩን ገፋ አድርጋ ገባችና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ልንገርሽ ዘነቡ፣» አለች። «ውርጭ ገብሱን የመታ ዕለት አንድ ዋጠ። ከወንድሙ ጋር በስልክ የተጣላ ዕለት አንድ። የፈተና ወረቀት ያረመ ዕለት አንድ። የገና ማግስት አንድ። ሦስቱን ደግሞ ምንም ባልሆነበት ቀን ነው የዋጠው።»

ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው አብሬያት ቆጠርኩ። አንድም የተሳሳተችው የለም። እያንዳንዱን ቀን አስታወስኩት፤ ጠርዙን የፈታሁበትን፣ ኪኒኗን ያወጣሁበትን፣ መልሼ የሰፋሁበትን። በየጊዜው ለራሴ አንድ ሁለት ነው ስል ነው የከረምኩት። አፈርኩ። ሰው ፊት ሱሪው እንደወረደ ሰው አፈርኩ።

አስካለ ነጩን ክር ገና በመጀመሪያው ሳምንት አይታው ኖሯል። ለምን ነቅለሽ አልጣልሽውም ልላት አሰብኩና ተውኩት፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ብትነቅለው ኖሮ ሌባ እላት ነበር፤ ከተማ ወርጄም ሌላ እፈልግ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ለታቦት ስጥ ሲባል ግን የማይለቅ የመንዝ ሰው የለም፤ እሷም ያን አውቃ ነው ባናዬን ለታቦት የሰጠችው። ጋሽ ደስታንም ገዝተው እንዲጠብቁላት የለመነቻቸው እሷ ናት። በሁለት ሸክም ሳር ያልቃል ብለው ነበር የተስማሙት፤ እኔ እንደምጫረት ማን ገምቶ?

ጋሽ ደስታ እስካሁን ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ቆይተው ነበር።

«በየቀኑ የመጣሁት ኪኒንህን ፈልጌ መስሎሃል፣» አሉኝ። «እኔ አረቄን የጀመርኳት ለሳል ብዬ ነው፣ ልጄ። ሳሉም አልተወኝ፤ እሷም አልተወችኝ። ስትጀምር አወቅሁህ።»

ለሃያ ዓመት ጎረቤቴ የነበሩ ሰው፣ ሊጠብቁኝ እየመጡ ስጠብቃቸው የከረምኩት ሰው፣ እጄን አልያዙኝም፣ አልመከሩኝም፤ ብቻ አግዳሚው ላይ ትንሽ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ።

ዘነበች አምስቱን ኪኒን በወረቀት ከረጢት አድርጋ አፉን አሸገችና ጤና ጣቢያ ሄደው በሥርዓቱ እንደሚወገዱ ነገረችኝ። ስትወስደው ዓይኔ ከረጢቱን እስከ ቁምሳጥኑ ድረስ ተከተለው፤ ቁልፉ እስኪዞር ድረስ ተከተለው። እሷም ማየቴን አየች። ጥቂት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሊለኝ እንደሚችል፣ ሆዴም ሊረበሽ እንደሚችል፣ ነገም ከነገ ወዲያም መጥቼ እንድታየኝ፣ ይህ ማንም ሰው ላይ የሚደርስ እንደሆነ በቀስታ ነገረችኝ። እርስዎ ማለቷን አልተወችም።

ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እስክሪብቶዋንም አነሣች። መዝገቡ ላይ የጻፈችውን የጋሽ ደስታን ስም በአንድ መስመር ሰረዘችው። ከሥሩ ባለው ባዶ መስመር ላይ እስክሪብቶዋን አሳርፋ ቀና አለች።

«የታማሚው ስም?» አለችኝ።

ስሜን ከአንደኛ ክፍል ጀምራ ታውቀዋለች። እንዲያም ሆኖ አልጻፈችውም፤ ጠበቀች። አስካለም ነጠላዋን ይዛ ጠበቀች። ጋሽ ደስታም ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ።

ስሜን ከነአባቴ ነገርኳት።